ከግድግዳው ወዲህ ያለው ሽቦ

በባሕር ዳር ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠና፣ መደበኛ ስልክ ወይም በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ያለው ቤት ሁሉ የሚያውቃቸው ምልክቶች አሉ። መነጋገሪያው ይንኮሻኮሻል፤ የሚናገረው ሰው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፤ ስልኩ በጠራ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይቋረጣል። ዝናቡ አባርቶ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ማንም ሳይነካው ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ቤተሰቡም «መስመሩ ተበላሽቷል» ብሎ ይደመድማል። መስመር ሲባል በሰው ሐሳብ የሚመጣው ከምሰሶው ወዲያ ያለው የቴሌ ንብረት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መመርመር ያለበት ከግድግዳው ወዲህ ያለው ሽቦ ነው እላለሁ። ይህ ሽቦ የቤቱ አካል ነው፤ እንደ መብራትና እንደ ውኃ መስመር አንድ ጊዜ ታስቦበት በሥርዓት መዘርጋት ይኖርበታል። በአብዛኛው ቤት የሚታየው ግን እንዲህ አይደለም፤ ልጅ ክፍል ሲቀይር፣ ተከራይ ሲገባ፣ ሶፋ ሲዞር እየተቆረጠና እየተቀጠለ የሚኖር ነገር ነው።

አንድ የስልክ መስመር ማለት ሁለት ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ማለት ነው። ከቴሌ ጣቢያ ባትሪዎች የሚመጣ 48 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ በላያቸው አለ። እጀታው ሲነሣ ቮልቴጁ ወደ 10 እና ከዚያም በታች ይወርዳል፤ ጣቢያው ሰው ሊደውል መሆኑን የሚያውቀው ከዚህ ነው። ስልኩ ሲጠራ ደግሞ ከ75 እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይላክበታል። በአገራችን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ከተዘረጋው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መስመር ጀምሮ ለመቶ ዓመት ያህል ሽቦው በዋናነት የተሸከመው የሰው ድምፅ ነበር። የስልክ ድምፅ በሴኮንድ ከ3400 ንዝረት አያልፍም፤ ስለዚህ ሽቦው ቢደክም፣ ቢቀጠል፣ ቢታጠፍም ድምፁ እንደ ምንም ያልፍ ነበር። በዚያው ሽቦ ላይ የሚጫነው ኤዲኤስኤል ኢንተርኔት ግን ከ25,000 ንዝረት ይነሣና እስከ 1.1 ሚሊዮን፣ በተሻሻለው ዓይነት እስከ 2.2 ሚሊዮን ይደርሳል። ለድምፅ ብቻ ተብሎ የተዘረጋው የቤት ውስጥ ሽቦ በመቶዎች እጥፍ የሚፈጥን ምልክት እንዲያሳልፍ ተፈርዶበታል። ለዚህም ነው ከሃያ ዓመት በፊት ማንንም ያላስቸገረ ቅጥል ዛሬ ቤተሰቡን የሚያማርረው።

በሐይቁ ዳርቻ ላይ ችግሩን የሚያባብሰው እርጥበት ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ጣና አጠገቧ ስላለ በክረምት አየሩ ራሱ ውኃ ያዘለ ነው። በብዙ ግቢ ከምሰሶ የመጣው ሽቦ የሚያርፈው በቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ነው፤ እዚያ ሁለቱ ጫፎች በእጅ ተጠምዝዘው ይያያዛሉ፣ በፕላስተር ይጠቀለላሉ፣ አንዳንዴም ፌስታል ይደረብላቸዋል። ፕላስተሩ በፀሐይ ይደርቅና ሙጫው ይለቃል። ፌስታሉ ውኃውን ከመከልከል ይልቅ አምቆ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ያለውን ቅጥል ፈትቶ የሚያይ ሰው ቀይ መሆን የነበረበት መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ ያገኘዋል፤ ብዙ ጊዜም ከሁለቱ አንዱ ሽቦ ብቻ ክፉኛ ተበልቶ ሌላው ደህና ይሆናል። ምክንያቱ ያው 48 ቮልት ነው። በሁለት ሽቦዎች መካከል ውኃ ሲገባ ኤሌክትሪኩ በውኃው በኩል ይሻገራል፤ በመሻገሩም በአዎንታዊው ሽቦ ላይ ያለውን መዳብ እያሟሟ ይወስደዋል። የስልክ መሐንዲሶች ከጥንት ጀምሮ የጣቢያውን ባትሪ አዎንታዊ ጫፍ ከመሬት ጋር አገናኝተው መስመሩን በአሉታዊ 48 ቮልት የሚያሠሩትም በመሬት ውስጥ የተቀበረው መዳብ በዚህ መንገድ ተበልቶ እንዳያልቅ ነው። ይህ ጥበቃ ግን በቤቱ ጠርዝ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች አብረው ሲርሱ አይሠራም። ዝናቡ ሲያባራ መስመሩ «የሚድነው» ውኃው ስለደረቀ ነው፤ የተበላው መዳብ ግን አይመለስም፤ በሚቀጥለው ክረምት ያው ቅጥል ከዘንድሮው ብሶ ይጠብቃል።

ጥፋቱ ከየት ወገን እንደሆነ ለመለየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ከውጭ የመጣው ሽቦ ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የሚያርፍበትን ቦታ መፈለግ ነው፤ ትንሽ ነጭ ሣጥን ወይም የመጀመሪያው ሶኬት ይሆናል። ከዚያ ወደ ክፍሎቹ የሚሄዱትን ሽቦዎች በሙሉ በካቻቢቴ ፈትቶ ማለያየት፣ ደህና መሆኑ የታወቀ አንድ ስልክ ብቻ በቀጥታ ከውጭው ሽቦ ጋር ማገናኘት፣ እጀታውን አንሥቶ ማዳመጥ። የመደወያው ቶን ጥርት ብሎ ከተሰማ ውጭ ያለው መስመር ደህና ነው፤ ጥፋቱ ከተፈቱት ሽቦዎች በአንዱ ላይ አለ። እዚያም ቢሆን ከተንኮሻኮሸ በሽታው ከቤቱ ውጭ ነውና ለቴሌ ማመልከት ይገባል። ለኢንተርኔቱም ሞደሙን እዚያው ሰክቶ በተመሳሳይ መንገድ ማየት ይቻላል። ብዙ ሰው ግራ የሚያጋባው አንድ ምልክት አለ፤ ስልኩ ጨርሶ ድምፅ የለውም፣ ኢንተርኔቱ ግን እየተንቀራፈፈም ቢሆን ይሠራል። ብዙዎች ይህን አይተው «መስመሩማ አለ» ይላሉ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ ተበጥሷል ወይም ቅጥሉ ዝጓል፤ ቀጥተኛው ኤሌክትሪክ ማለፊያ ሲያጣ፣ ፈጣኑ የኢንተርኔት ምልክት ግን ትንሿን ክፍተት ዘልሎ ያልፋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሞደም መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

መስመሩን ወደ ሌላ ክፍል ማስረዘም ሲታሰብ ደግሞ ሌላ የተለመደ ስህተት አለ። ከመግቢያው ሣጥን ወደ ሳሎን አንድ፣ ወደ መኝታ ክፍል አንድ፣ ግቢ ውስጥ ወዳለው ሰርቪስ ቤት አንድ ሽቦ ይወጣል። ተከራዩ ይለቃል፣ ስልኩ ይነሣል፤ ሽቦው ግን ጫፉ ባዶ እንደሆነ ከመስመሩ ጋር ተያይዞ ይቀራል። ለድምፅ ይህ ምንም አይደለም። የኢንተርኔቱ ምልክት ግን ወደዚያ ባዶ ሽቦ ገብቶ ጫፉ ላይ ሲደርስ፣ ገደል ላይ እንደተጣራ ሰው ድምፅ ተመልሶ ይመጣና ከራሱ ጋር ይጋጫል። አሥራ አምስትና ሃያ ሜትር ርዝመት ያለው ባዶ ሽቦ የኢንተርኔቱን ፍጥነት በሚታይ መጠን ለመቀነስ በቂ ነው። ስለዚህ መስመርን በማስረዘም ሥራ ውስጥ ትልቁ ክፍል አዲስ ሽቦ መጎተት ሳይሆን የማያገለግለውን አሮጌ ሽቦ ከመግቢያው ላይ ፈትቶ ማውጣት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አቀማመጥ ቀላል ነው። የድምፁንና የኢንተርኔቱን ምልክት የምትለየው ስፕሊተር መግቢያው ላይ ትቀመጣለች፤ ከእርሷ አንድ ኬብል ያለ ምንም ቅጥል በቀጥታ ወደ ሞደሙ ይሄዳል፤ ሌላው ለስልኮቹ ይሆናል። ከስፕሊተሯ በኋላ የስልኩ ሽቦ ወደ አራት ክፍል ቢከፈል ኢንተርኔቱን አይነካውም። ስፕሊተሯ ሞደሙ አጠገብ ስትሆን ግን በቤቱ ውስጥ ያለው ቅጥል ሁሉ ኢንተርኔቱ የሚያልፍበት መንገድ ይሆናል። በብዙ ቤት የሚታየው ይኸኛው ነው።

ስለ ሽቦው ዓይነት ጥቂት ልቆይ፣ ገበያው ውስጥ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በየሱቁ የሚሸጠው ጠፍጣፋ የስልክ ገመድ ከሶኬት እስከ ስልክ ላለች አንድ ሁለት ሜትር የተሠራ ነው፤ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ጎን ለጎን የተኙ እንጂ የተገመዱ አይደሉም። ሁለት ሽቦዎች እርስ በርሳቸው ሲገመዱ ከውጭ የሚመጣው ረብሻ ሁለቱን እኩል ስለሚነካቸው መጨረሻ ላይ ይጠፋፋል፤ ሳይገመዱ ሲቀሩ ከመብራት ሽቦ፣ ከፍሎረሰንትና ከቻርጀር የሚወጣውን ረብሻ ሁሉ ይሰበስባሉ። ስለዚህ ለግድግዳና ለኮርኒስ የሚሆነው ለኮምፒውተር ኔትወርክ የሚሸጠው ስምንት ሽቦ ያለው ኬብል ነው፤ ውስጡ አራት ጥንዶች አሉ። ለስልኩ የሚያስፈልገው አንድ ጥንድ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ሰማያዊውና ከእርሱ ጋር የተገመደው ነጭ በሰማያዊ። ከሰማያዊው አንድ፣ ከብርቱካናማው አንድ ተወስዶ ቢገናኝ ስልኩ ይሠራል፤ መገመዱ የሚሰጠው ጥቅም ግን በሙሉ ይጠፋል፤ ይህን ስህተት ደግሞ በዓይን አይቶ ማወቅ ከባድ ነው። ኬብሉ ከ220 ቮልት መብራት ጋር በአንድ ቱቦ መግባት ፈጽሞ የለበትም፤ ጎን ለጎን የሚሄድ ከሆነ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ መሻገር ካለበት ቀጥ ብሎ ያቋርጠው። ቅጥል የግድ ከሆነ ውስጧ ውኃ የማያስገባ ቅባት ያለባት ትንሽ የስልክ ማያያዣ አለች፤ ሁለቱን ሽቦ አስገብቶ በፒንሳ መጫን ብቻ ነው። ኬብሉ ከውጭ ወደ ቤት ሲገባ ቀዳዳው ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ይበል፤ ኬብሉም ከቀዳዳው በታች ወርዶ ታጥፎ ይግባ። የዝናቡ ውኃ ሽቦውን ተከትሎ ሲወርድ ማጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ግድግዳው ውስጥ አይገባም። ገንዘብ የማይጠይቀው ይህ ማጠፊያ ከውድ ሶኬት የበለጠ ይጠቅማል።

ግቢ አቋርጦ ወደ ሰርቪስ ቤት የሚሄደው ሽቦ የተለየ አደጋ አለበት። ብዙ ጊዜ ከማንጎ ዛፍ ወደ ልብስ ማስጫ ገመድ፣ ከዚያ ወደ ቆርቆሮው እየተንጠለጠለ ይሄዳል። በጣና ዙሪያ መብረቅ የታወቀ ነው። በቅርብ ሲወድቅ በአየር ላይ በተንጠለጠለ ረጅም ሽቦ ላይ የሚፈጥረው ግፊት ሞደም ለማቃጠል በቂ ነው፤ በዚያች ቅጽበት እጀታ የያዘ ሰውም ይጎዳል። ወደ ሌላ ቤት የሚሄድ መስመር በቱቦ ውስጥ ተደርጎ ቢቀበር ይሻላል። መግቢያው ላይ ደግሞ ትርፉን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚመልስ መከላከያ ያስፈልጋል፤ መከላከያው ግን ጥሩ የመሬት ሽቦ ከሌለው ጌጥ ብቻ ነው። ነጎድጓድ ሲጀምር የመብራቱን ሶኬት ብቻ ነቅሎ የስልኩን ሽቦ መተው ግማሽ ጥንቃቄ ነው፤ ሁለቱም መነቀል አለባቸው።

እዚህ ላይ አንባቢ «ለመሆኑ መደበኛ ስልክ ዛሬ ማን ይጠቀማል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ የሞባይል ደንበኞች በአሥር ሚሊዮኖች ሲቆጠሩ የመደበኛ ስልክ ደንበኞች አንድ ሚሊዮን አይሞሉም። በ058 የሚጀምረውን የባሕር ዳር ቁጥር ሰው ይበልጡን የሚደውለው ለመሥሪያ ቤት፣ ለሆቴልና ለክሊኒክ ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩ ስለ ስልኩ መሣሪያ ሳይሆን በሽቦው ስለሚገባው ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ፣ በመስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ያለው ቤትና ሆቴል ምን ያህል እንደሚፈለግ የከተማው ሰው በዓይኑ አይቷል፤ ተማሪው ለምዝገባ፣ ነጋዴው ለሥራው የሚሄደው ዋይፋይ ወዳለበት ነበር። መብራት ሲጠፋም ከመዳብ መስመር ጋር የተያያዘ ተራ ስልክ ከቴሌ ባትሪ ኤሌክትሪክ ስለሚያገኝ መሥራቱን አያቆምም፤ የሞባይል ባትሪው ያለቀበት ቤት በሌሊት አምቡላንስ ለመጥራት የሚቀረው እርሱ ነው። አረጋዊ ሰው ብቻውን የሚኖርበት ቤት ይህን መስመር እንዳያስቆርጥ እመክራለሁ።

ከዚህ የሚበረታው ተቃውሞ የፋይበር ነው። ኢትዮ ቴሌኮም የቤት ኢንተርኔትን ከመዳብ ወደ ፋይበር እያዞረ ስለሆነ፣ ሊነሣ ለተቃረበ ሽቦ መድከም ለምን ይላሉ። ፋይበር ብዙውን ችግር እንደሚፈታ አልክድም። በመስታወቱ ክር ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ ውኃ አያዛገውም፣ የመብራት ሽቦ አይረብሸውም። ነገር ግን ፋይበሩ የሚያበቃው ቤት ውስጥ ከምትሰቀል አንዲት ሣጥን ላይ ነው፤ ከሣጥኗ በኋላ እንደገና የመዳብ ኬብል ይመጣል፤ ያው ስምንት ሽቦ ያለው፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ የሚያገለግለው ኬብል። ለስልክ ብሎ እርሱን በሥርዓት የዘረጋ ቤት ፋይበር ሲገባ የሚቀይረው ሁለቱን ጫፎች ብቻ ነው። ፋይበር ይዞት የሚመጣው አዲስ ድካምም አለ። ክሩ በጣም ጠበብ ብሎ ሲታጠፍ ብርሃኑ ያመልጣል፤ በሚስማር ተመትቶ ጥግ ላይ የታጠፈ ፋይበር ሳይበጠስም ይሞታል። በፒንሳና በፕላስተር አይቀጠልም። ጫፉ ላይ ያለው ብርሃን ለዓይን ስለማይታይ ማንም ሰው አጮልቆ ሊያየው አይገባም። ሣጥኗም መብራት ካላገኘች ስልክም ኢንተርኔትም የለም፤ ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ አነስተኛ ባትሪ አብሮ ሊታሰብላት ይገባል።

ዋይፋይ የሚያባዛ መሣሪያ ገዝቶ ከሽቦ መገላገል የሚሉም አሉ። መሣሪያው የሚደግመው የተቀበለውን ነው፤ በዛገ ቅጥል ተዳክሞ የገባ ኢንተርኔት ሲደገም አይጠነክርም። በአንድ ሞገድ ተቀብሎ በዚያው ሞገድ የሚያስተላልፈው ርካሽ ዓይነት ደግሞ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ በብሎኬት ግድግዳና በኮንክሪት ወለል መካከል ከሆነማ ከዚያም በታች ይወርዳል። ለፎቁ ቤት የሚበጀው ወደ ላይ አንድ ኬብል አውጥቶ ሁለተኛውን ዋይፋይ እዚያ መትከል ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ፣ ሰው በማያውቀው ሽቦ ውስጥ እጁን ባያስገባ ይሻላል የሚለው ነው። በከፊል እስማማለሁ። ከምሰሶው እስከ ቤቱ መግቢያ ያለው የአገልግሎት ሰጪው ነው፤ እዚያ ላይ መውጣትም መቁረጥም አይገባም። 48 ቮልት ለጤነኛ ሰው አደገኛ አይደለም፤ በባዶ ሽቦ ላይ እጅ እያለ ስልኩ ቢጠራ ግን 90 ቮልት ክፉኛ ያስደነግጣል፣ መሰላል ላይ የቆመን ሰው ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር የቤቱን ሽቦ ከመግቢያው ላይ ማለያየት ይቀድማል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ መስጠት እንኳ ቢያስፈልግ ባለቤቱ ምን እንደሚያሠራ ማወቅ አለበት። ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ኤሌክትሪክን ከመጀመሪያ የሥልጠና ዘርፎቹ አንዱ አድርጎ የጀመረባት ከተማ ናት፤ ባለሙያ አይጠፋባትም። የሚጎድለው ባለሙያውን «ስፕሊተሯን መግቢያው ላይ አድርግልኝ፣ ባዶውን ሽቦ ንቀልልኝ» የሚለው ባለቤት ነው። ሠራተኛው በግምት አዲስ ሽቦ በአሮጌው ላይ ጨምሮ እንዳይሄድም የመግቢያውን ፈተና አስቀድሞ መጨረስ ይጠቅማል፤ የቴሌው ባለሙያ ሲመጣም የቤቱ ሽቦ ተፈትሾ መለየቱን ሰምቶ በቀጥታ ወደ ውጭው መስመር ይሄዳል።

በዓባይ ማዶም ሆነ በሽምብጥ ሰፈር አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ ጣጣ ከመነሻው ሊያስቀረው ይችላል። ብሎኬቱ ቆሞ ከመለሰኑ በፊት ከአጥሩ ወይም ከጣሪያው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ቤቱ መካከል የሚደርስ አንድ 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ ከዚያም ወደ እያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ ቱቦ ማስቀበር ይበቃል። ከመብራቱ ቱቦ ይለይ፤ ማጠፊያው ሰፋ ያለ ይሁን፤ በአንድ ቱቦ ከሁለት በላይ ማጠፊያ አይብዛበት። በየቱቦው ውስጥ አንድ የመሳቢያ ሲባጎ ጫፍና ጫፉ ወጥቶ ይተው። ሲባጎው ካለ የዛሬው መዳብ ሲነሣና የነገው ፋይበር ሲገባ ግድግዳው መሮ አይነካውም።